መልስ የሌለው ጉርሻ

ጉርሻ የሚለው ቃል በአማርኛችን ሁለት ቤት አለው። አንዱ ቤቱ ማዕድ ነው፤ ሰው ከሰው ጋር ሲበላ እንጀራውን በወጥ ጠቅልሎ አጠገቡ የተቀመጠውን የሚያጎርሰው ነው። ሁለተኛው ቤቱ ገበያ ነው፤ ለአስተናጋጅ ሒሳቡ ላይ ትተንለት የምንነሣው፣ ዕቃ ለተሸከመልን፣ ቤት ላጸዳልን ሰው ከተስማማነው ዋጋ በላይ ጣል የምናደርገው፣ ከተሜው ዛሬ ዛሬ «ቲፕ» የሚለውም ጉርሻ ይባላል። ስሙ አንድ ነው። ለመሆኑ ነገሩስ አንድ ነውን?

እኛ አይደለም እንላለን። የማዕዱ ጉርሻ መልስ አለው። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል፤ የጎረሰውም በተራው ጠቅልሎ ያጎረሰውን ያጎርሳል። ጎርሶ ዝም ማለት ነውር ነው። የገበያው ጉርሻ ግን ሄዶ የሚቀር ነው። ስንሰጥ እንኳ አፋችን የሚለው «መልሱን ያዢው» ነው። የምናወራው ስለ ዝርዝር ገንዘብ መሆኑ ነው፤ ሳይታወቀን ግን ሌላም ነገር ተናግረናል። ከአንቺ የምንጠብቀው መልስ የለም፣ አንቺ ለእኛ የምትሰጪው ነገር የለም ብለናል።

በአስተናጋጁ ይህን ያህል አንጨነቅም፤ ሰጥተነው እንሄዳለን፣ እሱም ወደ ሌላው ጠረጴዛ ይሄዳል። የዛሬው ጥያቄያችን ግን ከእኛ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ስለምትውል፣ ብዙ ጊዜም ስለምታድር ሰው ነው፤ ስለ ቤት ሠራተኛ። በእንቁጣጣሽ ቀሚስ፣ በገና ነጠላ፣ በፋሲካ ጫማ፣ በዒድ ሻሽ፣ ወደ አገር ቤት ስትሄድ ለእናቷ ቡናና ስኳር መስጠት በከተሞቻችን የታወቀ ወግ ነው። ወጉ ግን ጥያቄ አያጣም። ምን ያህል ይሰጣል? በጥሬ ገንዘብ ወይስ በዕቃ? አሮጌ ልብስ መስጠት ነውር ነው? በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ መጥታ አጥባና አጽድታ ለምትሄደው ተመላላሽስ ምን ይገባታል? ጥያቄዎቹን ላይ ላዩን ላያቸው የቡና ላይ ጨዋታ ይመስላሉ። ገለጥ ሲደረጉ ግን ከሥራቸው ያለው የፍትሕ ጥያቄ ነው።

ይህ ተማሪን ምን አገባው የሚል ይኖር ይሆናል። በጣም ያገባዋል። ከመካከላችን በሠራተኛ ጀርባ ታዝለን ያደግን አለን። ከመካከላችን እናታችን በሰው ቤት እንጀራ ጋግራ፣ ልብስ አጥባ ያስተማረችን አለን። ከመካከላችን ቀን በሰው ቤት ሠርተን፣ ማታ ደብተር ይዘን ተምረን እዚህ የደረስን አለን። ሦስታችንም በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ ረድፍ እንቀመጣለን፤ ስለ ክፍለ ዓለሙ ሁሉ ስንከራከር ስለዚህ ጉዳይ ግን ትንፍሽ አንልም።

አማርኛችን መስጠትን እንደ አቅጣጫው ይለየዋል። ወደ ላይ የሚሄደው እጅ መንሻ ነው፤ ታናሹ ለታላቁ፣ ጉዳይ ያለበት ለባለ ጉዳዩ ይዞት የሚቀርበው ነው። ወደ ታች የሚወርደው ስሙ ብዙ ነው፤ ምጽዋት አለ፣ ችሮታ አለ፣ ድርጎም አለ። ድርጎ በጌታ ደጅ ለሚኖር ሰው የሚሰፈርለት ቀለብ ነበር። ጎን ለጎን የሚሄደው ደግሞ ስጦታ ነው፤ ወዳጅ ለወዳጁ፣ ጎረቤት ለጎረቤቱ የሚያደርገው ነው። ከእነዚህ ሁሉ ተለይቶ የቆመ አንድ ቃል አለ፤ ደመወዝ። ሰው «ደም» እና «ወዝ» ብሎ ይፈታዋል። ደመወዝ አይቸርም፣ ይከፈላል። ደመወዙን የተቀበለ ሰው «እግዜር ይስጥልኝ» ቢል ለጨዋነቱ ነው እንጂ ውለታ ተውሎለት አይደለም።

ችግሩ የሚመጣው እነዚህ ቃላት በአንድ ወጥ ቤት ውስጥ ሲቀላቀሉ ነው። ምግቧን እዚያው ትበላለች፤ ቀለብ ነው። ልብስ ይሰጣታል፤ ስጦታ ነው ወይስ ምጽዋት፣ አይታወቅም። በወሩ መጨረሻ ገንዘብ ይሰጣታል፤ አንዳንዴ ይዘገያል፣ አንዳንዴ ይቀራል። ከዚያ ሁሉ በኋላ አንድ ቀን ልሂድ ስትል «ምን ያላደረግሁላት ነገር አለ?» የሚል እሮሮ ይሰማል። እሮሮው ብዙ ጊዜ ከልብ ነው፤ ውሸት አይደለም። አሠሪዋ የሰጠችውን ሁሉ አንድ ላይ ደምራዋለች፤ ቀለቡን፣ ቀሚሱን፣ ደመወዙንም ጭምር። ደመወዝ ከስጦታ ጋር ከተደመረ ደግሞ ሠራተኛዋ የቱንም ያህል ብትሠራ ዕዳዋ አያልቅም።

በዚህ ጉዳይ ላይ በመካከላችን ሁለት ወገን አለ። የአንደኛው ወገን ጓደኞቻችን ነገሩን በአጭሩ ይቆርጡታል፤ ጉርሻ ይጥፋ፣ ደመወዝ ይስተካከል ይላሉ። መከራከሪያቸው ቀላል አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአንቀጽ 2601 ጀምሮ ስለ ቤት ሠራተኞች ጥቂት አንቀጾች አሉት። ከአሠሪው ጋር የምትኖር ሠራተኛ በመኖሪያዋ፣ በምግቧ፣ በሥራና በዕረፍት ሰዓቷ ጤናዋና ክብሯ እንዲጠበቅ አሠሪው ተገቢውን ያድርግ ይላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ ለፋብሪካና ለድርጅት ሠራተኛ የቀን ሥራ ከስምንት ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ እንዲያገኝ ይደነግጋል። ለትርፍ ያልሆነን የግል አገልግሎት ግን ከአዋጁ ውጭ አድርጎ፣ የሥራ ሁኔታው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ትቶታል። እንግዲህ ይላሉ ጓደኞቻችን፣ ሕጉ በር ላይ ሲቆም ጉርሻው ዘው ብሎ ይገባል። ለፋብሪካዋ ሠራተኛ መብት የሆነው ዕረፍት ለቤት ሠራተኛዋ «ዛሬ እንኳን ውጪና ተናፈሺ» የሚባል ችሮታ ይሆናል።

የሁለተኛው ወገን ጓደኞቻችን ደግሞ ቤት ፋብሪካ አይደለም ይላሉ። ልጅ ታምሞ ሲያቃጥለው ሌሊቱን ቁጭ ብላ ያደረችን ሴት በሰዓት አስልተህ ልትከፍላት ነው? አዛውንት እናትህን አቅፋ የምታጥብን ሰው በደረሰኝ ልታመሰግናት ነው? በሰውና በሰው መካከል ካለው ነገር ሁሉ ዋጋ የሌለው ይኖራል፤ ዋጋ የሌለው ስንል ርካሽ ማለታችን አይደለም፣ በገበያ የማይተመን ማለታችን ነው። ስጦታን ከቤት ብናባርር የሚቀረን ሒሳብ ብቻ ነው፤ ሒሳብ ብቻ የሆነ ቤት ደግሞ ለእሷም ቀዝቃዛ ነው ይላሉ።

በበኩላችን ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል ብለን እናምናለን። ስጦታ በራሱ ክፉ አይደለም። ክፉ የሚሆነው በደመወዝ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ነው። ጥንታዊው የኦሪት ሕግ እንኳ ሁለቱን ለይቶ ነው ያስቀመጣቸው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 የምንዱብ ዋጋ በዕለቱ፣ ፀሐይ ሳትገባ እንዲከፈል ያዝዛል። በምዕራፍ 15 ደግሞ ዘመኑን ጨርሶ ነፃ የሚወጣ አገልጋይ ባዶ እጁን እንዳይሰደድ፣ ከመንጋውም ከአውድማውም እንዲሰጠው ያዝዛል። መጀመሪያ የሚከፈል አለ፣ ከዚያ የሚሰጥ አለ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይተካም።

ይህን በምሳሌ እንመልከተው። እንበልና አንዲት ወጣት በደላላ በኩል፣ ተያዥ ጠርታ፣ በወር ሦስት ሺህ ብር ተስማምታ ገባች። «ታባክኚዋለሽ፣ እኔ ጋ ይጠራቀምልሽ» ተብላ የአራት ወር ደመወዟ በአሠሪዋ እጅ አለ። እንቁጣጣሽ ደረሰና ሁለት ሺህ ብር የሚያወጣ የሐበሻ ቀሚስ ተገዛላት። ጎረቤት አየ፣ «ወይ ደግነት!» አለ። እሷም ጉልበት ስማ አመሰገነች። አሁን ሒሳቡን እንሥራ። አሥራ ሁለት ሺህ ብር የሚገባት ሰው ሁለት ሺህ ተሰጣት፣ አመስጋኟም ራሷ ሆነች። ባለ ዕዳዋ ተመስጋኝ፣ ባለ ገንዘቧ አመስጋኝ ሆኑ ማለት ነው። ቀሚሱ ያማረ ነው፤ ግን እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስጦታ ሊሆን አይችልም።

ሌላ ምሳሌ እንጨምር። «ማታ አስተምራታለሁ» የሚለውን አነጋገር የማያውቅ የለም። የሚያስተምሩ፣ ደብተር የሚገዙ፣ ሲመሽባት በር ላይ ቆመው የሚጠብቁ ደግ ሰዎች እንዳሉ እናውቃለን፤ ከእኛም መካከል በእነሱ ደግነት እዚህ የደረሰ አለ። ነገር ግን «ትማራለች» ተብሎ ደመወዙ ሲቀነስ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ትምህርቱ ሲታጠፍ፣ ስታኮርፍ «ከነገ ጀምሮ ትምህርት የለም» ሲባል፣ ያ ትምህርት ስጦታ አልነበረም፤ መያዣ ነበር። ስጦታን ከመያዣ የምንለይበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው። ሰጪው በተቆጣ ጊዜ የሚወስደው ነገር መጀመሪያውኑ አልተሰጠም።

አሮጌ ልብስንስ? እዚህ ላይ ችኩል ፍርድ አንፈልግም። እኅት ከእኅት፣ ጓደኛ ከጓደኛ አሮጌ ልብስ ይቀባበላል፤ ዶርም ውስጥ የአንዱን ጃኬት አራት ሰው ይለብሰዋል፣ ማንም አይዋረድም። ስለዚህ ነውሩ በልብሱ እርጅና አይደለም። ጓደኛችን «ይሄ ለእኔ አይሆንም» ብሎ ሊመልሰው ይችላል፤ ሠራተኛዋስ ትችላለች? «አይ እትዬ፣ ይቅርብኝ» ብትል ፊት የማይጠቁርባት ከሆነ፣ የተሰጣት አሮጌም ቢሆን ስጦታ ነው። እንዲያ ብትል «ጠገበች» የምትባል ከሆነ ግን አዲስ ቢሆንም ስጦታ አይደለም። «ጠገበች» የሚለውንም ስድብ ልብ እንበለው። በአንድ እጃችን እያጎረስን በአፋችን ጥጋብን የምንሰድብ ሰዎች ሆነናል።

ይህ የእኛ አገር ጠባይ ብቻ እንዳይመስለን። በእንግሊዝ አገር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለቤት ሠራተኛ በገና ከሚሰጡት የተለመዱ ስጦታዎች አንዱ ጣቃ ጨርቅ ነበር፤ ጨርቁም የሥራ ቀሚሷን እንድታሰፋበት ነበር። ለበዓሉ የተሰጣት ነገር ሥራዋ ራሱ ነው ማለት ነው። ዛሬም ለዓመት በዓል ሽርጥ ገዛሁላት የሚል ሰው ቢኖር የገዛው ለራሱ ወጥ ቤት መሆኑን ልብ ይበል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 በጄኔቫ ስለ ቤት ሠራተኞች ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 189 ደመወዝ በመሠረቱ በገንዘብ ይከፈል፣ በዕቃ የሚሰጥ ቢኖር ድርሻው የተወሰነ ሆኖ ሠራተኛዋ የተስማማችበትና ለራሷ ጥቅም የሚውል ይሁን ይላል። አብሮት የወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 201 ደግሞ የደንብ ልብስና የሥራ ዕቃ ከክፍያ እንዳይቆጠር ያሳስባል። ነገሩ ተራ ቢመስልም የዓለም መንግሥታት ቁጭ ብለው የተከራከሩበት ነው።

ሌሎች አገሮች ከዚህ ውዥንብር የወጡበት አንድ መንገድ አለ፤ የበዓሉን ጉርሻ ወደ መብት መለወጥ። በጣሊያን አገር ለገና ከደመወዝ በላይ ይሰጥ የነበረው ገንዘብ ቀስ በቀስ «አሥራ ሦስተኛ ደመወዝ» ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣ ሕግም ለቤት ሠራተኞች አደረሰው። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹና ከ1970ዎቹ ጀምሮ ወደ ሮምና ወደ ሚላኖ ሄደው በቤት ሥራ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያትና ኤርትራውያት የደረሱበት ሕግ ይህ ነው። በፊሊፒንስ ደግሞ አሥራ ሦስተኛው ደመወዝ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲታወጅ የቤት ሠራተኞች ተዘልለው ነበር። የገቡበት እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ነው። አንዲትን ሠራተኛ ከሌላው ሠራተኛ እኩል ለመቁጠር 38 ዓመት ፈጀ።

እኛስ? አሥራ ሦስት ወር ያላት አገር ብለን በፖስተር ላይ ስንኮራ የኖርን ሕዝብ ነን። ደመወዛችን ግን አሥራ ሁለት ነው። የጳጉሜን አምስት ቀናት፣ በአራት ዓመት አንዴም ስድስት፣ የወር ደመወዝተኛው ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚያልፋቸው ናቸው። ለቤት ሠራተኛ ደግሞ ከዓመቱ ከባዶቹ ቀናት እነዚያ ናቸው፤ ምንጣፍ ይታጠባል፣ መጋረጃ ይወርዳል፣ ቤት ይገለበጣል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ሽንኩርት ይከተፋል። እንቁጣጣሽ ሲነጋ ቀሚስ ይሰጣታል። እኛ የምንለው መጀመሪያ ጳጉሜን ይከፈላት ነው። በወር ሦስት ሺህ ብር የምታገኝ ከሆነ በቀን መቶ ብር ነው፤ አምስት መቶ ብር ይሆናል። የሙሉ ወር ደመወዝ መጨመር የሚችል እሰየው፤ ያልቻለ የአምስቱን ቀን ያንሣ። ስሙም ጉርሻ አይባል፤ የጳጉሜን ደመወዝ ይባል። ቀሚሱ ከዚያ በኋላ ይምጣ፣ እንኳን ደህና መጣ።

አንድ ተከራካሪ «አምስት መቶ ብር ያው አምስት መቶ ብር ነው፤ ጉርሻ ብትለው ደመወዝ ብትለው ምን ለውጥ አለው?» ይለን ይሆናል። ሦስት ለውጥ አለው። ደመወዝ ከሆነ ሲዘገይ «የታለ?» ብላ ልትጠይቅ ትችላለች፤ ጉርሻን የሚጠይቅ ግን ለማኝ ነው። ደመወዝ ከሆነ ጉልበት ሳትስም ትቀበላለች። ደመወዝ ከሆነ አሠሪዋ በሌላ ነገር ስትቆጣ አትነጥቃትም። ያው አምስት መቶ ብር አንዲትን ሴት ቀና አድርጎ ሊያቆማትም፣ ሊያስጎነብሳትም ይችላል ማለት ነው።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ እንዳልሆነ ከእኛ አብልጠው የሚያውቁት በሰው አገር ያሉ እኅቶቻችን ናቸው። የሊባኖስ የሥራ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1946 ሲወጣ በሰባተኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ውጭ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2020 የዚያ አገር ገንዘብ ሲወድቅና ወረርሽኙ ሲጨመርበት፣ በሰኔ ወር አሠሪዎች ኢትዮጵያውያት ሠራተኞችን በመኪና እያመጡ ቤይሩት ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። ብዙዎቹ ያልተከፈለ ደመወዝ ነበራቸው። ከእነዚያ አሠሪዎች መካከል በበዓል ሽቶና ልብስ ይሰጥ የነበረ አይጠፋ ይሆናል። ሰጥቶስ ቢሆን? ያ ሁሉ ሽቶ በቆንስላው ደጅ ለአንዷም ጥላ አልሆናትም፤ ለአውሮፕላን መሳፈሪያ አልሆናትም። በኩዌት እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ለሠራችበት ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ በስንብት ጊዜ እንዲከፈላት ይደነግጋል። ይህንን የምትጠይቀው በሕግ ነው እንጂ በአሠሪዋ ደግነት አይደለም። ሕጉ በሥራ ላይ መዋሉ ሌላ ትግል ቢሆንም የምትጠቅሰው አንቀጽ አላት።

የቤይሩቱን ሥዕል ያየን ሁሉ ተቆጥተናል፤ ቁጣችንም ትክክል ነበር። ነገር ግን ታላቅ እኅቷን በቤይሩት ከሕግ ውጭ የሚያደርገውና ታናሽ እኅቷን በአዲስ አበባ ከአዋጁ ውጭ የሚያደርገው አስተሳሰብ አንድ ነው፤ «ቤት ነው፣ ቤተሰብ ነው፣ እንደ ልጃችን ናት» የሚል ነው። እንደ ልጅ የምትታይ ከሆነ ልጅ ትወርሳለች፣ ልጅ ታኮርፋለች፣ ልጅ ከማዕድ ትቀመጣለች። ይህ ሁሉ የማይደረግላት ከሆነ እንደ ሠራተኛ ትቆጠር፤ በዚህም የሚጎድልባት ክብር የለም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ደመወዝ ነው። ደመወዙ በሙሉ፣ በቀኑ ተከፈለ እንበል፤ ስለ ስጦታ መነጋገር የምንችለው አሁን ነው። ፈረንሳዊው ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1925 በታተመው ስለ ስጦታ በጻፈው ድርሰቱ የብዙ ሕዝቦችን ልማድ መርምሮ፣ ስጦታ ሦስት ግዴታ እንዳለው አሳይቷል፤ መስጠት፣ መቀበልና መመለስ። መመለስ ያልቻለ ሰው ከሰጪው በታች ሆኖ ይቀራል። የእኛ ማዕድ ይህንን ከሞስ በፊት ያውቀዋል፤ ለዚህ ነው ጎርሶ የማያጎርስን የምንታዘበው።

እንግዲህ የእኛ ልግስና የሚፈተነው በሰጠነው መጠን ብቻ አይደለም፤ እሷ የምትሰጠንን እንዴት እንደምንቀበልም ነው። ከአገር ቤት ስትመለስ በፌስታል ቆሎ ይዛ ትመጣለች፤ እናቷ የላከችው በሶ አለ፣ ማር አለ። ምን እናደርገዋለን? ጠረጴዛ ላይ አውጥተን ከእሷ ጋር እንቆረጥመዋለን ወይስ «ንጹሕ ነው?» ብለን ወደ ጓዳ እንገፋዋለን? ለትንሹ ልጅ ልደት ከደመወዟ ከረሜላ ገዝታ ስትመጣ «ለምን ታወጪያለሽ? ለራስሽ አታስቀምጪም?» ብለን እንገሥጻታለን። ምክሩ የአዛኝ ይመስላል። ግን እሷ ዋጋ ከፍላ የሰጠችውን መልስ አፈር አለበስነው፤ እንደ ሰጪ የቆመችባትን አንዲት ደቂቃ ነጠቅናት። ለእሷ ብዙ መስጠት የሚወዱ፣ ከእሷ ግን አንዲት ፍሬ ቆሎ መቀበል የሚከብዳቸው ቤቶች አሉ። እነዚህ ቤቶች መልስ እንዳይመጣባቸው የሚያጎርሱ ናቸው።

ታዲያ ምን እናድርግ? እኛ እንደሚመስለን፣ በመጀመሪያ ደመወዝ ቀኑን ጠብቆ፣ ተቆጥሮ፣ በእጇ ይግባ፤ ይቀመጥልኝ ካለች በስሟ በባንክ ይግባ። ሁለተኛ፣ ስጦታ ከደመወዝ ቀን ተለይቶ ይሰጥ፣ ሁለቱ እንዳይቀላቀሉ። ሦስተኛ፣ ከዕቃ ይልቅ ገንዘብ የምትፈልግ እንደሆነ ትጠየቅ፤ የምትልከው ቤተሰብ እንዳላት አንርሳ። አራተኛ፣ በእንግዳ ፊት አይሰጥ፤ እንግዳ ፊት የሚሰጥ ስጦታ ግማሹ ለእንግዳው ነው። አምስተኛ፣ በሳምንት ሁለቴ የምትመጣዋ ተመላላሽ በበዓል አትዘለል፤ በዓሉ ሥራዋ በሚውልበት ቀን ቢውል የዚያን ቀን ሒሳቧን ከፍለን እናሳርፋት። ስድስተኛ፣ የሰጠነውን አንቁጠር፤ በጠብ ቀን የሚቆጠር ስጦታ ብድር ነበር። ሰባተኛ፣ ስትሰጠን እንቀበል።

ስለ ራሳችን፣ ስለ ተማሪዎቹም አንድ ነገር ሳንናገር አንለፍ። የመኝታ ሕንፃዎቻችንን የሚያጸዱ እናቶች አሉ፤ «ማዘር» እያልን የምንጠራቸው። የዓመቱ ፈተና ሲያልቅ የተቀደደ ፍራሽ፣ እጀታው የተሰበረ ጀሪካን፣ ታጥቦ የማያውቅ ብርድ ልብስ ክፍሉ ውስጥ ጥሎ «ለማዘር ትቼላቸዋለሁ» ማለት በመካከላችን የተለመደ ነው። እስቲ እውነቱን እንነጋገር። ይህ ስጦታ ነው ወይስ ቆሻሻ መጣያ ድረስ የመሸከሙን ሥራ ለእሳቸው ማስተላለፍ? «ማዘር፣ ይህ ይጠቅምዎት ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ሳንቲም አያስወጣም። የማይጠቅማቸውን ተሸክሞ መጣልም ጉልበት እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም። ከአንድ ፎቅ ተማሪዎች ሃያ ሃያ ብር ቢዋጣ ደግሞ ለእንቁጣጣሽ የሚበቃ ነገር ይሆናል፤ በፖስታ ታሽጎ፣ ስማቸው ተጽፎበት ሊሰጥ ይችላል። ስማቸውን ለመጻፍ ግን መጀመሪያ ማወቅ ያስፈልጋል። ስንቶቻችን እናውቃለን?

ነገ ተመርቀን ወጥተን ደመወዝተኛ እንሆናለን፤ ብዙዎቻችን ቤት እንመሠርታለን፣ ሠራተኛም እንቀጥራለን። ያን ጊዜ በአንድ በኩል የወሩ መጨረሻ፣ በሌላ በኩል የበዓሉ ዋዜማ እየመጣ ይጠይቀናል። የሚገባትን ስንከፍል ደግ ነን አንበል፤ ዕዳችንን ከፍለናል። ከዚያ በላይ ስንሰጥ ደግሞ እጃችንን ቶሎ አንሰብስብ። ጉርሻ በአገራችን መልስ ያለው ነገር ነውና፣ እሷም ስትጠቀልል አፋችንን እንክፈት።